የሸክላው ሸሚዝ

“ዛሬ? ለነገ አይደለም እንዴ የተባባልነው?” አለች ሥራ አስኪያጇ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል ቀርቅራ። ሁለቱም እጆቿ እስከ ክርናቸው ጭቃ ናቸው። ከፊቷ የሚሽከረከረው ሳህን እሷ ማውራት ስትጀምር አጋጣሚውን አግኝቶ ወደ አንድ ጎን ዘመመ።

“መክፈቻውማ ነገ ነው፤ አልተቀየረም” አለች የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽኑ አስተባባሪ፤ ስታወራ ሁልጊዜ የምትስቅ የምትመስል ሴት ናት። “ዛሬ ማታ ግን ጋዜጠኞችና ጥቂት እንግዶች ቀድመው ይዩልን ተባለ። ትናንት ነው የተወሰነው፣ ይቅርታ። ሻዩን በወረቀት ኩባያ ከምናቀርብ በእርስዎ ኩባያ ቢሆን ብለን ነው።”

“ኩባያዎቹ እኮ ምድጃ ውስጥ ናቸው።”

“እንግዲያውማ ደርሰዋላ!”

ዳቦ መስሏታል። ሥራ አስኪያጇ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለች።

“እስኪ የምችለውን አደርጋለሁ።”

“ያደርጉታል፤ እርስዎን አውቃለሁ። ሸሚዙ ግን አይቸኩል። እሱ ነገ ጠዋት ይምጣ፤ የሚቀመጥበት ቦታም ገና አላለቀም። እሱን ብቻ አደራ! እንደ ዓይንዎ ብሌን!”

ስልኩ ተዘጋ። ለኩባያው ጥድፊያ፣ ለሸሚዙ አደራ። ሥራ አስኪያጇ የዘመመውን ሳህን በቡጢ ደቁሳ መልሳ ጭቃ አደረገችው።

ሥራ አስኪያጅ የቤት ስሟ ነው። ልጅ ሆና ለክፍል ጓደኞቿ እርሳስ እየገዛች ስታተርፍባቸው የደረሰባት አባቷ ነው ያወጣላት። በዚያው ሰሞን የአክስቷ ልጅ የሳሎኑን ግድግዳ በከሰል ሥላ ሞልታው ነበር። ሌላ ልጅ ቢሆን ጀርባው ይላጥ ነበር፤ እሷን ግን አባትየው ከሥዕሉ ፊት እጁን አጣምሮ ቆሞ፣ ቆሞ፣ “አርቲስቷ!” አላት። እንግዲህ አንዷ ነገደች፣ አንዷ ግድግዳ አበላሸች፤ ቤተሰቡም በዚያ ሳምንት ሁለቱን መድቦ ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ ማንም ይግባኝ አልተቀበለም።

እውነቱን ለመናገር ሥራ አስኪያጇ ስሟን አላሳፈረችም። ለሻይ ቤቶችና ለሆቴሎች ኩባያና ሳህን ታቀርባለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ልጆች ሰብስባ የጭቃ ሥራ ታስተምራለች፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ ጀምራለች። ሁለት ሠራተኞች አሏት፤ እሑድ ስለሆነ ዛሬ ዕረፍት ናቸው። ይህ ሁሉ ግን እንጀራዋ ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ፣ የደንበኞች ስልክ ሳይጀምር፣ ሰው ትሠራለች። ክንድ የሚያካክሉ፣ ወረፋ የሚጠብቁ የሸክላ ሰዎች። አንዱ እግር ቀይሮ የቆመ፣ አንዷ ቦርሳዋን ያቀፈች፣ አንዱ ከፊቱ ያለውን ሰው ማጅራት ሊነክስ የደረሰ። ትዕዛዝ ሲበዛ ሰዎቹ በላስቲክ እንደተጠቀለሉ ይሰነብታሉ፤ ሲቀልላት ትመለስባቸዋለች። እንዲህ እያለች በሁለት ዓመት ወረፋውን ጨረሰችው፤ ጨርሳም ለዚሁ ኤግዚቢሽን አመለከተች።

መልሱን የነገረቻት ይህችው ሳቂታ አስተባባሪ ናት። “ሰዎቹ ደስ ይላሉ፤ እጅዎ ንጹሕ ነው። ኮሚቴው ግን፣ እንዴት ልበል፣ የገበያ ዕቃ ይመስላል አለ። በነገራችን ላይ፣ ኩባያ ይሠራሉ አይደል?” እንዲህ ሲባል ስልክ ጆሮ ላይ መዝጋት የሚያውቅ ሰው አለ። እሷ ግን ነጋዴ ናት፤ ስንት ኩባያ እንደሚፈልጉ ጠየቀች።

ኮሚቴው የወደደው የአክስቷን ልጅ ነው። አርቲስቷ ሥራም የላት፣ ሱቅም የላት፣ ምድጃም የላት። አንድ ነገር በዓመት ትሠራለች፤ እሱንም ስትፈልግ። ዘንድሮ የሠራችው ሸሚዝ ነው፤ ከሸክላ። እጅጌው እስከ ክርን የተጠቀለለ፣ ኪሱ እስክርቢቶ በመሸከም ብዛት የተንጋደደ፣ አንገትጌው በግራ በኩል የታጠፈ ሸሚዝ። የማን እንደሆነ ከዚያ ቤት የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሥራ አስኪያጇ አባት ሬዲዮ ሲሰማ ራሱን ወደ ግራ ጣል አድርጎ፣ ጉንጩን በትከሻው ላይ አሳርፎ ነበር፤ ሸሚዞቹ ሁሉ በዚያ በኩል ነው ያለቁት። ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። አርቲስቷ፣ እናቷ ለሥራ ርቃ ስለነበረች፣ እዚያው ቤት ነው ያደገችው፤ እሷም “አባባ” ነበር የምትለው።

ሥራ አስኪያጇ ሸሚዙን መጀመሪያ ጥሬውን ያየች ዕለት “ይህን እንዴት እኔ አላሰብኩትም?” አለች በሆዷ። “በእኔ አባት እሷ በምን መብት?” ያለችው ቀጥላ ነው፤ ቀድሞ የመጣው ግን ያኛው ነበር። ሸሚዞቹን የምትተኩስለት እሷ አልነበረችም? ያንን አንገትጌ ቀጥ ለማድረግ ስንት ጊዜ ታግላዋለች! ስትተኩሰው ኖረች እንጂ አላየችውም። ያቺ ቁጭ ብላ ሻይ የምትጠጣዋ አየችው። ቀናች። አንጀቷ እስኪያር ቀናች፤ ሌላ ስም የለውም።

“ቀጭን ነው” አለቻት ያን ዕለት። “በተለይ አንገቱ ጋ።”

“ቀጭን ካልሆነ ሸሚዝ አይመስልም እኮ” አለች አርቲስቷ።

ልክ ነበረች፤ ይህ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

አሁን ሸሚዙ በእሷው ምድጃ ውስጥ፣ በላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ከሥሩ ኩባያዎቹ ተደርድረዋል። እሳቱ ትናንት ጠፍቷል፤ የሚቀረው መብረድ ነው፤ የዚህ ሥራ ፈተናውም እሱ ነው። ሸክላ እሳት አይሰብረውም፤ ቀዝቃዛ አየር ግን በድንገት ሲያገኘው ይነቃል። የሙቀት መለኪያው ከመቶ በታች ካልወረደ የምድጃው በር አይነካም፤ ይህን ቅዳሜ የምታስተምራቸው ሕፃናት እንኳ በቃላቸው ያውቁታል። መለኪያው አሁን ከሦስት መቶ በላይ ነው። እንዲሁ ቢተው ማታ፣ ምናልባትም ሌሊት ይደርሳል። በሩ ገርበብ ቢል ግን ከሰዓት በኋላ ይወጣል። ሥራ አስኪያጇ ትዕዛዝ ሲጣደፍባት እንዲህ አድርጋ ታውቃለች። ኩባያ ትንሽና ወፍራም ስለሆነ ይችለዋል። ሰፊና ቀጭን ነገር አይችለውም።

እጇን ታጥባ ሳትጨርስ እናቷ ደወለች።

“ሸሚዙ ወጣ?”

“ደህና አደርሽ፣ እማዬ።”

“ደህና አደርሽ። ወጣ?”

“ገና ነው፤ አልበረደም።”

“እንዳያርባት አደራ! በደንብ ጋግሪላት።”

“እማዬ፣ ዳቦ አይደለም።”

“እኔ ምን አውቃለሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም እኮ ልጄ። አባትሽን አዳራሽ ሙሉ ሰው ሊያየው! ጎረቤቱን በሙሉ ጠርቻለሁ። ያቺ ከላይ ያለችው ሴትዮ ደግሞ ‘ሸሚዝ ምኑ ይታያል?’ አትለኝም? ምቀኛ አታሳጣኝ ብያት መጣሁ።”

ሥራ አስኪያጇ ጥፍሯ ሥር የቀረውን ጭቃ መፋቅ ጀመረች።

“ምነው ዝም አልሽ?”

“ምንም። ሥራ ላይ ነኝ።”

“አንቺም ጎበዝ ነሽ እኮ” አለች እናቷ፣ ድምፅዋን አለዝባ። “የአንቺም ኩባያ ይኖራል አይደል እዚያ? ለሁሉም እነግራቸዋለሁ፣ ሻይ ሲጠጡ። እሷ ምስኪን ምን አላት? ይህችን ታግኝ። አንቺማ ሁሉ አለሽ።”

“አዎ” አለች ሥራ አስኪያጇ። “ሁሉ አለኝ።”

“አንቺም ጎበዝ ነሽ እኮ” የሚባለው ለማን እንደሆነ ይታወቃል። በሩጫ ተቀድሞ እያለከለከ ለሚመጣ ልጅ ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችውና ወደ ምድጃው ክፍል ሄደች።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ምክንያትም እንደዚያው ነው፣ ከፈለጉት አይጠፋም። “ደንበኛ ነው ያዘዘኝ” አለች፣ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ። “ራሳቸው ናቸው ዛሬ ያሉት። እኔ ምን ላድርግ?” ወፍራሙን ጓንት አጠለቀች። “ደግሞ ቀጭን ነው ብያታለሁ። አልሰማችም።” መቀርቀሪያውን አነሳች። እዚህ ላይ ትንሽ ቆመች፤ አልቆመችም አንልም። አስተባባሪዋ ደውላ የጠየቀችው ኩባያ ነው፤ የለም፣ አልደረሰም ብትላት ሻዩ በወረቀት ኩባያ ይቀርብ ነበር፤ ሰማይ አይደፋም። ይህን ታውቃለች። አውቃ በሩን አንድ ክንድ ያህል ሳበችው።

ሙቀቱ ፊቷን ገረፋት። በክፍተቱ ውስጥ አንገትጌው ታየ፤ ቅቡ ቀልጦ ነጭና የሚያበራ ሆኗል። ምንኛ ያምራል! ከአባቷ አንገት ላይ አሁን የወለቀ ነው የሚመስለው። ያን ጊዜ እንኳ ብትዘጋው ይደርስ ነበር፤ እሷ ግን ማማሩን ስታይ ይብስ በሩን ያዘችው። ብዙ አልቆየም። ሰው ስኳር በጥርሱ ሲሰብር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ከላይኛው መደርደሪያ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሌላ፣ ረዘም ያለ።

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። እፎይታ ቢጤ፣ ለአንድ አፍታ። ከዚያ የጭቃው ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። “አባባ” አለች፤ ለምን እንዳለች አታውቅም። በሩን ግን አልዘጋችውም። የሆነው ከሆነ ወዲያ ኩባያዎቹ ይብረዱ ብላ ነው። ነጋዴ ናት አላልንም?

አርቲስቷ ከሰዓት በኋላ ሁለት ብርድ ልብስ ታቅፋ እየሮጠች ገባች። ብርድ ልብሶቹ ለሸሚዙ መጠቅለያ ናቸው። በእግሯ አዲስ ጫማ አድርጋለች።

“አየሽው ጫማዬን? ይነክሳል፤ ግን ለነገ ብዬ ከዛሬ እያላመድኩት ነው። እውነት በረደ እንዴ? ማታ አላልሽኝም ነበር?”

“በረደ” አለች ሥራ አስኪያጇ። መለኪያው በእርግጥም ከመቶ በታች ወርዷል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

“እሰይ! እንዳልጥለው ፈራሁ፤ አንቺ ታወጪው?”

“ራስሽ አውጪው።”

አርቲስቷ እጆቿን በቀሚሷ ጠርጋ ከምድጃው ፊት ተንበረከከች። ሸሚዙን ከትከሻው ሥር በሁለት መዳፏ ደግፋ፣ እንደ ጨቅላ ልጅ ቀስ አድርጋ አነሳችው። አንገትጌውና ግራው ትከሻ ተከትለዋት መጡ። የቀረው መደርደሪያው ላይ ቀረ።

በእጇ የያዘችውን እያገላበጠች አየችው፤ ጣቷን በተሰበረው ጠርዝ ላይ አስኬደችው።

“ነግረሽኝ ነበር” አለች በመጨረሻ። “ቀጭን ነው ብለሽኝ ነበር። እኔ ነኝ። ችኮ ነኝ፤ አልሰማም።”

ሥራ አስኪያጇ አፏን ከፈተች። “አንዳንዴ ያጋጥማል” የሚል ወጣ።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይላሉ። እዚህ ግን ላካኪም አላስፈለገም፤ ልጅቷ ራሷ አንስታ ለበሰችው።

“ቢጣበቅስ?” አለች ሥራ አስኪያጇ።

“የተለጠፈ ነገር አባባ ለብሶ ያውቃል?” አርቲስቷ ልትስቅ ሞከረችና ከንፈሯ እንቢ አላት። ስታለቅስ እንኳ ታምራለች፤ ሥራ አስኪያጇ በዚያ ሰዓት ይህንንም አየች፤ በዚያ ሰዓት ይህም ከነከናት። “ተይው፤ እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም። አንቺ እንኳ፣ የምታውቂው፣ እነዚያን የመሰሉ ሰዎች የምትሠሪው፣ ኩባያሽን ሠርተሽ ትበያለሽ። ኮሚቴው ሰዎችሽን ሳይቀበል ሲቀር ተሳስተው ነው ብያቸዋለሁ፤ አልነገርኩሽም እንጂ። ወረፋውን እኔ ብሠራው ብዬ ቀንቼብሽ አውቃለሁ፤ ሙች! እኔ በዓመት አንድ፣ እሱም ይኸው።”

“ምን አልሻቸው?”

“ተሳስታችኋል። ምን ዋጋ አለው? እኔን ማን ይሰማል?” በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። “እዚህ ልምጣ? እጀታ መለጠፍ እንኳ አስተምሪኝ። ከእንግዲህ ሸሚዝ ምናምን የለም። እንደ ሰው ልሥራ።”

እዚህ ላይ መሸፋፈን አያስፈልግም፤ ሥራ አስኪያጇ ደስ አላት። ስንት ሌሊት ያሰበችው ነው። አርቲስቷ ሽርጥ ታጥቃ፣ ከእሷ ሥር፣ እጀታ ስትለጥፍ። እናቷ ለጎረቤት “ሁለቱም ኩባያ ይሠራሉ” ስትል። ደግሞ ጥሩ እጅ ናት፤ ለንጣፉ ሥዕል የሚሆን ሰው እየፈለገች አልነበር? በግማሽ ቀን ምን ያህል ንጣፍ እንደምትሥል ማስላት ጀምራ ነበር፤ እዚህ ስሌት ላይ መሆኗን ስታውቅ አቋረጠችው። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። አንድ ቃል እንኳ መዋሸት የለባትም።

“ታዲያ ምን ትቆሚያለሽ?” አለች አርቲስቷ። የተሰበረውን አንገትጌ ብርድ ልብሱ ላይ አስተኝታ ከታችኛው መደርደሪያ ኩባያዎቹን ማውጣት ጀምራለች። ሁሉም ደህና ናቸው፤ አንዱም አልተጫረም። “ያስተባባሪዋ መልእክት ደርሶኛል፤ ዛሬ ማታ ይፈልጉታል አይደል? እኔ ልወልውል፣ አንቺ ጠቅልዪ። ቶሎ በይ፤ የእኔ ተበላሽቶ የአንቺም እንዳይበላሽ።”

ጨርቅ አንስታ መወልወል ጀመረች። እንባዋ እየወረደ ኩባያውን ታብሳለች፤ አብሳም ወደ መብራቱ አንስታ እድፍ እንዳለው ታያለች። ሥራ አስኪያጇ ሦስት ኩባያ በወረቀት ጠቀለለች። አራተኛው አልጠቀለል አላት።

“እባክሽ አንቺ ደውዪላት” አለች አርቲስቷ ቀና ሳትል። “ሸሚዙ እንደማይመጣ ንገሪልኝ። እኔ ከደወልኩ ማልቀሴ ነው። ተሰበረ በያት፤ በቃ።”

ሥራ አስኪያጇ ስልኩን ከጠረጴዛው አነሳች። ደወለች። ወደ ጆሮዋ ልታስጠጋው ስትል እጇ መሐል ላይ ቆመ። ስልኩን መልሳ በኩባያዎቹ መሐል አስቀመጠችውና ድምፅ ማጉያውን ተጫነችው።

“አቤት! ኩባያዎቹ ደረሱ?” አለ የአስተባባሪዋ ሳቂታ ድምፅ፣ ክፍሉን ሞልቶ።

“ኩባያዎቹ ደርሰዋል። ሸሚዙ ግን ነገ አይመጣም። ተሰብሯል።”

“ወይኔ! ምን ነካው?”

አርቲስቷ መወልወሏን ሳታቆም ራሷን ነቀነቀች፤ በያት፣ ቀጭን ነበር በያት፣ እንደማለት።

“ምድጃው ሳይበርድ በሩን ከፈትኩት” አለች ሥራ አስኪያጇ። “እንደሚሰብረው እያወቅሁ። ሥራው ምንም አልጎደለውም፤ በደንብ ነበር የተሠራው።”

ጨርቁ ኩባያው ላይ ቆመ።

“ውይ፣ በእኛ ነዋ!” አለች አስተባባሪዋ። “እኛ ነን ያጣደፍንዎት፤ ኩባያ ኩባያ ብለን። እርስዎ ምን ያድርጉ? ለኮሚቴው እንደዚያ ብዬ አስረዳለሁ፤ አይጨነቁ።”

ሥራ አስኪያጇ የአክስቷን ልጅ አየቻት። ያቺ ከዓይኗ ሥር እንባዋን ሳትጠርግ ትጠብቃለች፤ በፊቷ ላይ ይቅርታው ሊመጣ ተዘጋጅቷል፤ ሥራ አስኪያጇ አስተባባሪዋ ላለችው አዎ ብትል ይቅርታውን ወዲያው ታገኘዋለች።

“አይደለም” አለች ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ። “ለኩባያዎቹ ብዬ አይደለም። ቀንቼ ነው።”

ከስልኩ ወዲያ ሳቂታው ድምፅ ጠፋ። አርቲስቷ የያዘችውን ኩባያ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።